በቴምብሩ አጠገብ የተጻፈው

ስመኘው የቴምብር ዐዋቂ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ከዚያ በፊት የበቆሎ ደላላ ነበር፤ ከዚያም በፊት የስልክ መሸፈኛ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ስልኩ ላይ፣ ንጉሡ ያሉበት አሮጌ ቴምብር በውጭ አገር ሚሊዮን ያወጣል የሚል ቪዲዮ አየ። በሳምንቱ ቡሬ ላይ፣ የነቀምቴ መንገድ ከሚገነጠልበት አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቶ በሯ ላይ «ጥንታዊ ቴምብርና ፖስትካርድ እንገምታለን» ብሎ ለጠፈ። አጉሊ መነጽር ገዛ። የቅንድብ መንቀያ ወረንጦ ገዛ። በቃ፣ ዐዋቂ ሆነ።

ሰዉም አመነው። የሟች አባቱን ሣጥን ያልገለበጠ፣ የአያቱን ደብዳቤ ይዞ ወደ ስመኘው ያልሮጠ አልነበረም። እሱም ቴምብሩን በመነጽሩ ያያል፤ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ «ይኼ ቀላል ነገር አይደለም» ይላል። ከዚያ ከአውሮፓ የምስክር ወረቀት እንደሚያስመጣ ይናገርና የማስመጫውን ይቀበላል። መጥቶ የታየ የምስክር ወረቀት የለም። እኔ ይህን ስሰማ ከእሱ ይልቅ የናቅሁት የሚሰጡትን ነው። አታላይ ያው አታላይ ነው። በገዛ እጁ ይዞት የኖረውን ወረቀት ሰው ካልነገረው በቀር ማየት የማይችል ሰው ግን ምን ይባላል?

ገላነሽ እባላለሁ። በፖስታ ሥራ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ቡሬ ላይ ጀመርኩ፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንደሠራሁ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ፤ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ቴምብር እሰበስባለሁ። አራት አልበም ሞልቻለሁ፤ በአራቱም ውስጥ አንድ በሬ የሚገዛ ቴምብር የለም። ይህን ስለማውቅ ነው ዐዋቂ ነኝ የምለው።

ባለፈው ጥቅምት ሙንዲር ቤቴ መጣ። የቡሬው የያህያ ልጅ ነው። ያህያ እህልና ጨርቅ ሲነግድ ኖሮ ከዓመት በፊት ያረፈ፣ ስሙ በከበሬታ የሚነሣ ሰው ነበር። የመስጊዱን አጥር አሳጥሯል፣ የሟች ወንድሙን ሚስት ራጂያን ግቢው ውስጥ አስጠግቶ አርባ ዓመት ሙሉ ሳያስርብ አኑሯል ይባልለታል። ቀብሩ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም አልቅሷል። እኔም ከፍኖተ ሰላም ሄጄ አልቅሻለሁ።

ሙንዲር አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ሲገባ «እማማ» አለኝ። እማማ የሚለኝን ሰው አልወድም፤ እሱ ደግሞ በአሥራ ስድስት፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ብቻ ነው የምበልጠው።

«ስመኘው የምስክር ወረቀት ይውጣለት ብሎኝ ነበር» አለ፣ አንድ ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠ። «እርስዎም ይዩልኝ ብዬ ነው። ለእርስዎ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

ነገሩ ገባኝ፤ እሱ ያስከፍላል፣ አንቺ በነጻ ነሽ ማለቱ ነው።

ፌስታሉ ውስጥ አርባ አንድ ፖስትካርድ ነበር። ባንድ በኩል ሥዕል ነው፤ የአስመራ ጎዳና፣ የዓሰብ ወደብ፣ መርከብ፣ ግመል። በሌላው በኩል ቴምብርና ጽሑፍ መሆን ነበረበት። ጽሑፉ ግን የለም። ከቴምብሩና ከማኅተሙ በቀር፣ መልእክቱም አድራሻውም በነጭ የቁስል ፕላስተር ተሸፍኗል። አርባ አንዱም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቤተሰብ ነገር ነው። ለቴምብሩ ምን ያደርጋል?»

ፖስትካርድ ፖስታ የለውም፤ ገልብጦ ማንበብ ለማንም ይቻላል። እኔ ግን በሠላሳ ሦስት ዓመቴ የሰው ካርድ አንብቤ አላውቅም፤ እያነበቡ የሚሣሣቁትን ባልደረቦቼንም እጸየፍ ነበር። ስለዚህ ፕላስተሩን መለጠፉ እኔን መስደብ መሰለኝ። መነጽሬን አወጣሁና ማየት ጀመርኩ።

ከግማሽ በላዩ ንጉሡ ያሉበት ነው፤ አሥር ሳንቲም፣ ሃያ ሳንቲም። በየወረዳው እንደ ክብሪት ሲሸጥ የነበረ።

«ይኼ ስንት ያወጣል?» አለኝ በንጉሡ ላይ ጣቱን አድርጎ። ጣቱ ዘይት ነበረበት።

«አንሣ እጅህን» አልኩት። «ቴምብር የሚወደደው ስላረጀ አይደለም፤ ጥቂት ስለታተመ ነው። ይህ ስፍር ቁጥር የለውም። ዳሩ ላይ ያለውን ጥርስ ተመልከት፤ አንዱ እንኳ ከጎደለ ዋጋው ይወርዳል። ይህ ሦስት ጎድሎታል። ይህኛውን ማኅተሙ አጥቁሮታል። ይህን ምስጥ ቀምሶታል።»

«እና በጠቅላላው?»

«ተነቅለው ከሆነ የምትሸጣቸው፣ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርትም አይበቁ። ከነካርዳቸው፣ ሥዕሉም ጽሑፉም ማኅተሙም ሳይነካ፣ የሚሰበስብ ሰው ካገኘህ ምናልባት አንድ ጠቦት። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለመንገዱ ነው፤ ከየት ተነሥቶ፣ መቼ፣ ለማን እንደደረሰ። አንተ ደግሞ እሱኑ በፕላስተር ሸፍነህ መጣህ።»

ፊቱ ጠቆረ። ሚሊዮን ሲጠብቅ ጠቦት ያሉት ሰው ፊት ነው።

«ከማን የመጡ ናቸው?» አልኩት ካርዶቹን እያገላበጥሁ።

«አጎቴ ማህዲ ለአባቴ የላካቸው ናቸው። ዓሰብ ይሠራ ነበር። ስልሳ ስድስት ላይ እዚያው ሞተ፤ አላህ ይርሐመው።»

በዚህ ጊዜ እጄ ላይ የነበረው ካርድ ንጉሥ የለበትም። የደርግ አርማ ነው ያለበት፣ ማረሻው በደንብ ይታያል። ከሥሩም እንደዚያው። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ስምንት ነበሩ። ማኅተማቸው ደብዝዞ ቀኑ አይነበብም፤ ግን የፖስታ ሰው ማኅተም ቢጠፋበት በቴምብሩ ያውቃል።

«አጎትህ ስልሳ ስድስት ላይ አልሞተም» አልኩት። «በስልሳ ስድስት ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ይህ ቴምብር የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። ይህኛው ደግሞ እኔ ሥራ ስጀምር ስሸጠው የነበረ ነው። የሞተ ሰው ቴምብር አይገዛም።»

ሰው ሲገርመው ይጠይቃል። ሙንዲር አልጠየቀም። ካርዶቹን ሰብስቦ ወደ ፌስታሉ ከተተና «ለማንኛውም እናመሰግናለን» ብሎ ወጣ። ያቀረብኩለትን ሻይ አልጨረሰም። በሩ ላይ ቆሜ ሳየው፣ የሚያውቀውን ነገር ሰው እንዳያውቅበት የሚቸኩል ሰው አረማመድ ነበር። ገባኝ፤ ግን ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ዓርብ ዕለት፣ እኅቱ ሙሚና ደወለችልኝ። ቡሬ ላይ አስተማሪ ናት።

«እትዬ ገላነሽ፣ አያውቁኝም፤ የሙንዲር እኅት ነኝ» አለች። «ነገ ጠዋት እሱና ስመኘው ቴምብሮቹን በሙቅ ውኃ ሊነቅሏቸው ነው። ካርዱን ማንም አይገዛም፣ እናቃጥለዋለን ይላሉ። እኔ የአጎቴን ጽሑፍ አንድ ቀን እንኳ ሳላየው ሊቃጠል ነው። እርስዎ ቢናገሩት ይሰማ ይሆናል ብዬ ነው።»

«አንቺ አላነበብሽም?»

«አባቴ ከሞተ በኋላ ሣጥኑን የከፈተው ሙንዲር ነው። እኔ ሳያቸው ፕላስተር ነበረባቸው።»

እውነቱን ልናገር፣ ለሙሚና አዝኜ አልሄድኩም። የሄድኩት ስመኘውን ለማዋረድ ነው። ለዚህ የሚሆን ጉልበት ሁልጊዜ አለኝ። ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ማንኩሳ ላይ በርበሬ ሊጭን ቆሞ ግማሽ ሰዓት አስነጠሰን፤ ቡሬ ስደርስ ሙሚና መገንጠያው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

የስመኘው ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል። መሬት ላይ ሳፋ፣ በሳፋው ሙቅ ውኃ፣ በውኃው ስድስት ካርድ። የወርቅ ሰዓት መሳይ ያሠረው ስመኘው በቅንድብ መንቀያው አንዱን ቴምብር ይጎትታል። የነቀላቸውን ጋዜጣ ላይ ዘርግቶ፣ ለመድረቅ እንዲፈጥኑ በልብስ ካውያ ይተኩሳቸዋል። በካውያ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጅል አይቻለሁ፤ ቴምብር የሚተኩስ ግን አላየሁም።

«ደግ አደርክ፣ ዐዋቂው» አልኩት።

«እማማ ገላነሽ፣ ደኅና አደሩ» አለ ሳቅ ብሎ። «እርስዎ በድሮው አሠራር ነው የሚያውቁት፤ አሁን ገበያው ተለውጧል።»

«ዐመድ በዱቄት ሳቀ» አልኩና ጋዜጣው ላይ ካሉት ሁለት ንጉሦችን አነሣሁ። «በል ንገረኝ፤ ከነዚህ የትኛው ይበልጣል?»

መነጽሩን አመጣ። ረዥም ጊዜ አየ። ሙንዲር አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

«ይኼ» አለ ስመኘው፣ «ቀለሙ ደመቅ ያለው።»

«ሁለቱም አንድ ናቸው። አንድ ማተሚያ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ዓመት። ይህ የደመቀው ውኃው ገና ስላልደረቀ ነው።»

ተራ እየጠበቁ በሩ ላይ ከቆሙት ሰዎች አንድ ሁለቱ ሳቁ። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ በመንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። ግን ያኔ ሙሚና ሳፋው አጠገብ ተቀመጠች። ሙቅ ውኃው ፕላስተሩን አላቅቆት ነበር፤ ከአንዱ ካርድ ላይ ተገልብጦ ይንሳፈፋል። ካርዱን አወጣች። ሰማያዊው ቀለም ፈስሶ ዐይኗን ቢያስቸግራት ለእኔ ሰጠችኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ካርድ አነበብኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

«ለወይዘሮ ራጂያ፤ በወንድሜ በያህያ በኩል፤ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ዘጠኝ፣ ቡሬ። ራጂያ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህ ሠላሳኛዬ ነው፤ አንድም መልስ አላየሁም። እኔ ደኅና ነኝ፤ ወደብ ላይ ነኝ። የጭነት መኪና ሾፌሮች አውቃለሁ፤ እሺ ካልሽ ይዘውሽ ይመጣሉ። እናቴ ስለኛ እንዳታስብ ንገሪያት።»

ቴምብሩ የደርግ አርማ ነበር።

ካውያው ጋዜጣውን እያሳረረ መሽተት ሲጀምር ስመኘው አነሣው። ሙንዲር እጁን ዘረጋ፤ «ስጡኝ» አለ፤ ሙሚና መካከል ገባች።

«አንብበኸው ነው የሸፈንከው?» አለችው።

«አባታችን የሞተ ሰው ነው። ስሙ ይከበር።»

«አንብበኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

«አንብቤዋለሁ» አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ። «ቤቱም ሱቁም የሁለቱ ወንድማማቾች ነበር። ይኼ ከወጣ ምን እንደሚመጣ አንቺ ታውቂያለሽ?»

እንግዲህ ይህ ነበር። የመስጊድ አጥር ያሳጠረው ያህያ ወንድሙን በወሬ ገድሎ፣ የወንድሙን ሚስት መበለት አድርጎ አስጠግቷል። ያለቀስኩለት ሰው ነው። ልጁ ደግሞ ሚሊዮኑንም ምስጢሩንም ባንድ ሳፋ ሊያገኝ ፈለገ። የአባቱን ያህል እንኳ ብልሃት የለውም፤ አባቱ ቢያንስ ሣጥን ቆልፎ ነበር።

ካርዶቹን ሁሉ፣ እርጥቡንም ደረቁንም፣ ሙሚና በነጠላዋ ያዘች። ሙንዲር አልተከተለንም። ስመኘው ግን «የተተኮሱትስ?» አለን። እንዲያስቀራቸው ነገርኩት።

ራጂያ የምትኖረው በያህያ ግቢ ኋላ፣ ከእህል መጋዘኑ ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ስንገባ የተቀደደ ጆንያ በወስፌ ትሰፋ ነበር፤ የሱቁን ጆንያ የምትሰፋው እሷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ሙሚና ነገሩን ከእግሩ እስከ ራሱ ነገረቻት። ስታለቅስ ለመያዝ ተዘጋጅቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላለቀሰችም።

«አንብቡልኝ» አለች። «ሁሉንም።»

ፕላስተሩን በሙቅ ጨርቅ እያራስን እያላቀቅን፣ ሙሚናና እኔ እየተፈራረቅን አነበብን። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሰባተኛው ላይ መስፋቷን አቆመች፤ ዘጠነኛው ላይ እንደገና ጀመረች። የመጨረሻው በሰባ ስምንት የተላከ ነበር፤ ቀኑን ራሱ ጽፎበታል። «ያህያ ሌላ አግብተሽ ልጅ መውለድሽን ጽፎልኛል። ካሁን ወዲያ አልጽፍም። ይቅር ብዬሻለሁ» ይላል።

«ጨረሳችሁ?» አለች።

«ጨረስን» አለች ሙሚና።

«በዚያ ዘመን ከዓሰብ እዚህ ስንት ቀን ነበር?»

«ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት» አልኩ።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አርባ አንድ ጊዜ ፖስታ ቤት ከሚመላለስ አራት ቀን መኪና ላይ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? አገባች አሉኝ ብሎ ቁጭ አለ። እኔ ሞተ ብለውኝ እንኳ መቃብሩን ልየው ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ይለኛል ደግሞ።»

«መንገዱ ጦርነት ነበረበት፣ አክስቴ» አለች ሙሚና። «ይለፍ ወረቀትም ያስፈልግ ነበር።»

«ቴምብሩ አልፎ የለ?» አለች ራጂያ።

ራጂያ ጆንያውን አገላበጠችው።

«ያህያንስ ምን እለዋለሁ» አለች። «ምሳውን ሳቀርብ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ዐይነ አፋር ነው እል ነበር። ሁለቴ ሽማግሌ ልከው የጠየቁኝን እሱ ነው የመለሰ፤ የወንድሜን አደራ አልሰጥም ብሎ። እኔም አመስግኜው ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እስከዚያ ድረስ በደንብ ያየችኝ አልመሰለኝም።

«አንቺን ግን አውቅሻለሁ» አለችኝ። «እዚህ መስኮቱ ላይ ነበርሽ፣ ልጅ ሆነሽ። ቀይ ሹራብ ነበረሽ።»

«አዎ፣ እዚህ ሠርቻለሁ።»

«አንድ ሾፌር ዓሰብ ላይ ማህዲን የመሰለ ሰው አየሁ ብሎኝ ነበር። ለያህያ ሳልነግር መጣሁ። በስሜ የመጣ ነገር ይኖር እንደሁ ብዬ ጠየቅሁሽ። ሣጥን አለሽ ወይ አልሽኝ። የለኝም አልኩ። ሣጥን ሳይኖርሽ ምን ይመጣልሻል አልሽና ከኋላዬ የነበረውን ሰው ጠራሽ።»

እሷን አላስታወስኳትም። አነጋገሩን ግን ወዲያው ዐወቅሁት፤ የእኔ ነው። ስንት ባላገር፣ ስንት ሴት በዚያ አነጋገር መልሻለሁ። ከነዚያ ካርዶች የመጨረሻዎቹ አራት አምስቱ በእኔ እጅ ነው ወደ ዘጠኝ ቁጥር ሣጥን የገቡት። የሰው ካርድ አላነብም እያልኩ ስኮራ ሥራዬ አድራሻውን ማንበብ እንደነበር ረሳሁት። ያህያ የሚለውን አይቼ፣ ከእሱ በላይ ራጂያ የሚለውን አላየሁም። ስመኘው ቢያንስ መነጽር ነበረው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳት።

«ማህዲም ይቅርታ ነበር የጻፈልኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ሙሚና በሾፌሮች በኩል አጠያየቀች፤ ማህዲ ድሬዳዋ ላይ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሞቷል፤ ሚስት አግብቶ ነበር፤ ልጅ አልነበረውም። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሙንዲር መጀመሪያ ካርዶቹ ሐሰት ናቸው አለ። የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ ቴምብሩን በቴምብር፣ ማኅተሙን በማኅተም አስረዳሁ። ገምቺ ሲሉኝ እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም፤ ደስታው ግን አልመጣም። ሙሚና የራሷን ድርሻ ጨምራ ስለለቀቀች ሙንዲር ብቻውን ቀረና እሺ አለ። ወደ መንገድ የሚያየው የፊት ቤት ለራጂያ ሆነ።

ስመኘው ወረቀቱን ከበሩ ላይ አንሥቶ ሌላ ለጥፏል። አሁን ጥንታዊ ሳንቲም ይገምታል። ሰልፍ አለው።

ካርዶቹን ምን እናድርጋቸው ብላ ሙሚና ስትጠይቃት ራጂያ መርከቡ ያለበትን አንዱን አስቀረችና የቀረውን ለሙሚና ሰጠቻት። የማህዲን ስም ከዚያ ወዲህ ስትጠራ አልሰማሁም።

አልፎ አልፎ ቡሬ እወርዳለሁ። ራጂያ ግቢ አትለኝም፤ ውጪም አትለኝም። ባለፈው ወር ስደርስ ግንበኛ አስመጥታ ወደ አስፋልቱ በር ታስወጣ ነበር። የሱቁን በር ከሙንዲር ጋር መጋራት አልፈልግም ብላ ነው። ግንበኛው በሩን ጠባብ አድርጎባታል፤ ሙሉ ጆንያ የተሸከመ ሰው አያሳልፍም። አፍርሰህ ሥራው ትለዋለች፤ ሲሚንቶ አለቀ ይላታል። እኔም ጥላዬን አጥፌ ቆሜ ሰማኋቸው፤ እሷ ትክክል ነበረች።